ከወንዙ ማዶ ፊቱን ያዞረው

ይኸነው ከወንዙ ማዶ ነው፤ እኔ ከወዲህ ነኝ። በመካከላችን ያለው ውሃ ከጉልበት አያልፍም። ሰውዬው ግን ከጠዋት ጀምሮ አንዴ እንኳ አሻግሮ አላየኝም።

«ጀርባውን ነው የሰጠኝ» አልኳት ጓደኛዬን ሃናን።

ሃና ጓንቷን እያጠለቀች ጀርባውን ሰጥቶኝ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ ቆሻሻ እየለቀመ እንደሆነ አስረዳችኝ። እንዲህ ናት እሷ። ሰው ሲቃጠል ውሃ ከማምጣት ይልቅ የእሳቱን መነሻ ትመረምራለች።

እሁድ ነው፤ ጥቅምት ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ከቅዳሴ መልስ ሠላሳ የምንሆን የእንጅባራ ሰዎች ከከተማው በላይ ካለው ምንጭ ተሰብስበናል። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህራችን ጋሽ ገበየሁ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ያስተባብሩንና ወንዛችንን ከምንጩ እስከ አስፋልቱ ድልድይ በእግራችን ያስኬዱናል። እግረ መንገዳችንን ቆሻሻ እንለቅማለን፤ ዳር ዳሩን ቀርከሃ እንተክላለን። ግማሹ ሰው በቀኝ ዳር፣ ግማሹ በግራ ዳር ይሄዳል፤ ጋሽ ገበየሁ ፊሽካ ሲነፉ መሻገሪያው ላይ ይገናኛል። መሻገሪያው ሦስት ነው፦ መጀመሪያ የቀርከሃው ድልድይ፣ ቀጥሎ ልብስ የሚታጠብበት መልካ፣ መጨረሻ የአስፋልቱ ድልድይ።

ቀኝና ግራው በዕጣ ነው። ለእኔ ቀኝ ወጣልኝ። ይኸነው ግራ ደርሶት ቢሆን ኖሮ ዕድሌን ረግሜ ዝም እል ነበር። እሱም ግን የደረሰው ቀኝ ነው፤ በዐይኔ አይቼዋለሁ። ወረቀቱን ገለጠ፣ እኔ የቆምኩበትን በዐይኑ ጠርዝ ለካ፣ ከዚያ ከአንድ ባጃጅ ነጂ ጋር ተቀያይሮ ተሻገረ። ምን አድርጌው ነው እንደ ተስቦ የሚሸሸኝ?

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትዕግሥቱ ባይኖረኝም ትዕግሥት ያለኝ መምሰል እችል ነበር። ዛሬ ግን አስር ሰዓት ላይ የጫግኒ ሽማግሌዎች እኛ ቤት ይመጣሉ። የሚመጡት ለእህል ነጋዴው ልጅ ለእንየው እኔን ሊጠይቁ ነው። እንየውን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ መጥፎ ሰው አይደለም። መጥፎ ቢሆንማ በተገላገልኩ። አባቴ አቶ ኪዳኑ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላቸው፤ የእንየው አባት ሁለት አይሱዙ አላቸው፤ ነገሩ በትልልቆቹ ዘንድ አልቋል። እናቴ ሐሙስ ዕለት አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ እሁድ አባቴ እሺ ብለው ሊመልሱላቸው መሆኑን ነገረችኝና ፀጉሬን እንድሠራ አዘዘችኝ።

እምቢ ማለት እችላለሁ። አፍ አለኝ፤ ማናለብሽ ሲባል መጀመሪያ አፌን የማያነሳ ሰው እኛ ሰፈር የለም። ግን እምቢ የምለው ለማን ብዬ ነው? ከወንበር ጀርባ ለሚደበቅ ወንድ?

አዎ፣ ከወንበር ጀርባ። ይኸነው ቀርከሃ ሠሪ ነው። ከከተማው መውጫ አስፋልቱ ዳር አልጋ፣ ወንበርና መደርደሪያ ይሠራል፤ ቤተሰቦቹ ገጠር ናቸው፣ ገበሬዎች፣ ቤታቸው የሚነገረው አገውኛ ነው። የተዋወቅነው እኔ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ነው። ቀርከሃ መዳፉን ቆርጦት መጣ፤ አጥቤ አሰርኩለት። በማግስቱ መጣ፤ ቁስሉ ደህና ነው። በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ቁስሉ አሁንም ደህና ነው። በአምስተኛው ቀን «አንተ ሰው፣ ይኼ ቁስል እኮ ድኗል» ብለው «እኔ አልዳንኩም» አለኝና በራሱ ንግግር ደንግጦ የከፈለበትን ፋሻ ሳይወስድ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ ጀመርን። በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምንድን ነው የሚል ካለ የእኛን ኔትወርክ አያውቅም ማለት ነው። ሃና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስላላት ፖስታ ቤታችን እሷ ሆነች። የእሱ ደብዳቤዎች አጫጭር ናቸው፦ «ዛሬ የሠራሁት ወንበር ጠመመብኝ። ስላንቺ እያሰብኩ ነው የሠራሁት፤ ገዢው እንዳይሰማ።» ይህችን አንብቤ ሦስት ቀን ሙሉ ለበሽተኛ ሁሉ ስስቅ ሰነበትኩ።

በእንቁጣጣሽ ሰሞን ለአሥር ቀን ሥልጠና ባሕር ዳር ሄጄ ስመለስ ሰውዬው ተለውጦ ጠበቀኝ። ገበያ ላይ ከእናቴ ጋር ሆኜ ከሩቅ አየሁት። ፈገግ ልል ስል እናቴን አያት፣ ከዚያም ከሰል ከጫነ መኪና ጀርባ ገባ። ሌላ ቀን ኩራቴን ውጬ ሥራ ቦታው ድረስ ሄድኩ። ጓደኛው ገጠር ወርዷል ሲለኝ፣ ከተደረደሩት ወንበሮች ጀርባ ሁለት እግር ቆሟል። ጫማውን አውቀዋለሁ፤ የመረጥኩለት እኔ ነኝ። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ሳምንት ሞላ።

ዛሬ የመጣሁት ወንዝ ላጸዳ አይደለም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። የመጣሁት አንድ ቃል ልሰማ ነው። እፈልግሻለሁ ካለኝ ቤቴ ገብቼ እምቢ እላለሁ። አልፈልግሽም ካለኝም በአፉ ይበለኝ፤ እሱንም እችለዋለሁ። ያቃተኝ አለማወቁ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እሱ ነው ጎኔን ሲወጋኝ ያደረው።

—

ላይኛው ወንዝ ንጹሕ ነው። ዳሩ ላይ ገብሱ አሽቷል፣ ፈረሶች ተለቀዋል፣ ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ሰዉ ሁሉ ደስ ብሎት ያወራል። እኔ እጄ ማዳበሪያ ይዟል፣ ዐይኔ ማዶ ነው። ይኸነው የሚተከለውን ቀርከሃ በትከሻው ተሸክሞ ይሄዳል፤ ይቆማል፣ ይቆፍራል፣ ይተክላል፣ በእግሩ ረገጥ ረገጥ ያደርጋል። ቀና ሲል ወደ ሰማይ ያያል፣ ወደ ፈረሶቹ ያያል፣ ወደ ጋሽ ገበየሁ ያያል። ፈረሶቹ በምንድን ነው ከእኔ የሚበልጡት?

ከተማው ሲጀምር ቆሻሻውም ጀመረ። ዐይኔ ማዶ ስለነበረ ድንጋይ ላይ ያለውን የሚያሟልጭ አረንጓዴ ነገር አላየሁትም፤ አንሸራትቶ በጎኔ ጣለኝ። ሃና ጮኸች። እኔ ውሃው ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀና ስል ይኸነው የተሸከመውን ጥሎ አንድ እግሩን ወንዙ ውስጥ አስገብቷል። ያን ጊዜ አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ እጁን ዘርግቶም ነበር። ደህና መሆኔን ሲያይ ግን እጁን ሰበሰበ፣ እግሩን አወጣ፣ ዞረ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የጠላኝ መስሎኝ ነበር። የጠላ ሰው እንደዚያ አይደነግጥም። ታዲያ ካልጠላኝ ምንድን ነው? ከመጥላቱ ይልቅ ይኼኛው ባሰብኝ።

የቀርከሃው ድልድይ ላይ ፊሽካው ተነፋና ተገናኘን። የይኸነው አጎት አያ አወቀም መጥተዋል። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ የየምንጩን የድሮ ስም በአገውኛ ይናገራሉ፤ ጋሽ ገበየሁ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ጎንበስ ብዬ ጤና ይስጥልኝ አልኳቸው። መሬት መሬቱን እያዩ እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝና ዘወር አሉ። ከዚያ በፊት ሲያገኙኝ ጉንጬን ስመው፣ መርቀው፣ ጉልበታቸውን እንዴት እንደሚያማቸው ሳይነግሩኝ አይለቁኝም ነበር። እንግዲህ ቤተሰቡ በሙሉ ነው የተማከረብኝ ማለት ነው አልኩ።

ደብዳቤ ጽፌ ይዣለሁ፤ ሦስተኛው ነው። ሁለት መስመር ብቻ ናት፦ «ዛሬ አስር ሰዓት ለሌላ ሰው እሺ ሊሉብኝ ነው። የምትለኝ ካለህ አሁን በለኝ።» ለሃና ሰጠኋት። ሰው ዳቦ ሲቆርስ ጠጋ ብላ አቀበለችው። ከሩቅ አየሁ፤ ተቀበለ፣ በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ሳይከፍት ደረት ኪሱ ከቶ ቁልፉን ቆለፈ።

ሃና ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። «ሌሎቹም እዚያው ኪሱ ውስጥ ናቸው፣ ማኔ» አለችኝ። «አንዱንም አልከፈተውም።»

ደሜ ፈላ። አንብቦ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። ሳይከፍቱ ኪስ ውስጥ ይዞ መዞርን ምን ብዬ ልጥራው? ድልድዩ ላይ ቆሜ ሰው ሁሉ እያየኝ ባላለቅስ ኖሮ የሚያኮራኝ እሱ ብቻ ነበር። እሱንም አልቻልኩትም፤ ጭጋግ ነው ብዬ ዐይኔን ጠረግሁ። ጭጋጉ ከተነሣ ቆይቷል።

—

መልካው ላይ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆነ። ልብስ አጣቢዎቹ ድንጋዩ ላይ ብርድ ልብስ ይወቃሉ፤ ባጃጅ የሚያጥቡት ዘፈን ከፍተዋል። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ቀረበ። ሰው በላ፤ እኔ ስልኬን አየሁ። ስምንት ከሩብ። ጋሽ ገበየሁ ስለ ወንዙ መናገር ጀመሩ፤ ሁልጊዜ ስለ ወንዝ ሲናገሩ ደስ ይለኛል፣ ዛሬ ግን አንዲት ቃል ጆሮዬ አልገባችም። ስምንት ተኩል። ይኸነው ሳይሻገር ማዶ ቀርቶ፣ ከአጎቱ አጠገብ፣ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ያልተበላ ድንች በእጁ ይዟል።

ድንቼን ለሃና ሰጠኋትና ተነሣሁ። ሃና ወዴት ነው አለችኝ። በጫማዬ፣ በቀሚሴ፣ ሠላሳ ሰው እያየኝ ወንዙ ውስጥ ገባሁ። ልብስ አጣቢዎቹ መውቃት አቆሙ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ እኔ ግን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነበር።

ማዶ ወጥቼ ከኋላው ቆምኩ።

«ይኸነው፣ ዙር።»

አልዞረም። «ማናለብሽ፣ አትምጪብኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እባክሽ። እስካሁን ችያለሁ፤ አታፍርሽብኝ።»

«ምኑን ነው የቻልከው? እኔን መርሳቱን?»

«አንቺን አለማየቱን። ላይሽ አይገባም። መልሱ እስኪመጣ ድረስ አላይሽም፣ አላነጋግርሽም፣ ቃልሽንም አልቀበልም።»

«የምን መልስ?»

ለመስማት ይመስላል የባጃጁን ዘፈን አንዱ አጠፋው።

«ሽማግሌ ልኬ የለም ወይ» አለ ይኸነው። «አንቺ ባሕር ዳር እያለሽ አያ አወቀ ሁለት ሰው ጨምረው ቤታችሁ ገብተዋል። አባትሽ ‹ልጄን ጠይቄ እመልስላችኋለሁ› ብለዋቸዋል። እኔ ይኼው ያን መልስ እጠብቃለሁ።»

አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። የቀረውን ነገር፣ ፊቱን ወደ ቀርከሃው አዙሮ፣ ነገረኝ። በእነሱ መንደር ሽማግሌ የሴቷ ቤት ከገባ በኋላ ልጁ ልጅቷን ዐይን ለዐይን አያያትም፤ እናቷ ፊቱን ካየችውማ ነውር ነው፤ ደብዳቤ አይልክም፣ የመጣለትንም አይከፍትም፤ የሄዱት ሽማግሌዎችም ልጅቷን አያጫውቷትም። ከኋላ ሆኖ ልጅቷን አባብሏታል፣ አታልሏታል እንዳይባል ነው። አባቴ «ቀርከሃ ሰንጣቂ» እንደሚሉት ይኸነው ሰምቷል። ስለዚህ ከወጉ አንዲት ነጥብ ሳያጎድል፣ በበሩ በኩል፣ ቀና ብሎ ሊገባ ፈለገ። እኔን ቀድሞ ያልነገረኝም ለዚያ ነው። መጀመሪያ ከአባቴ አፍ እንድሰማው ብሎ ነው።

እኔ ሞኟ፣ የከተማ ልጅ፣ ይኼን ከየት ልወቀው? እኛ ሰፈር ሽማግሌ የሚልክ ወንድ በዋዜማው ደውሎ ለልጅቷ ይነግራታል፤ እሷም ፀጉሯን ተሠርታ አልሰማሁም ትላለች። እሱ ሲያከብረኝ እኔ የጣለኝ መስሎኝ ሰባት ሳምንት ተቃጠልኩ።

«ሰባት ሳምንት ሲሞላ» አለ ይኸነው፣ «ተጠይቃ እምቢ ብላ ይሆናል አልኩ። እንዳታሳፍረኝ ብላ ይሆናል ዝም ያለችው አልኩ። ደብዳቤዎቹ ውስጥ እምቢታው ያለ መሰለኝ። አልከፈትኳቸውም፤ ልጥላቸውም አልቻልኩም።»

«ይኸነው፣ ማንም አልጠየቀኝም።»

አንገቱ ወደ እኔ ዞር አለና መሃል ላይ ቆመ።

«ሽማግሌ መምጣቱንም የነገረኝ የለም» አልኩት። ድምፄ እየተሰባበረ ነው፤ ሰው ይስማ አይስማ ግድ አልነበረኝም። «ዛሬ አስር ሰዓት የጫግኒ ሰዎች መጥተው አባቴ እሺ ሊሏቸው ነው። ኪስህ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ወግህን ጠብቀህ እኔን ልታጣኝ ነው።»

እጁ ደረቱ ላይ ያለውን ኪስ ያዘ። እንዲያ እንደያዘ ቀረ፤ ከፍቶ አላነበበም፣ አልዞረም። ጀርባውን ልደበድበው ወይስ ላቅፈው እንደፈለግሁ አላውቅም። ሁለቱንም ነበር መሰለኝ።

ተነሥቼ አያ አወቀ ጋ ሄድኩ፤ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። አባቴ እንዳልጠየቁኝ ነገርኳቸው። ቢጠይቁኝ ኖሮ መልሴ እሺ እንደነበረ፣ አሁንም እሺ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ልጄ፣ ያንቺን ቃል እኔ ልቀበለው አልችልም» አሉኝ። «ቃሉን የሰጠኝ አባትሽ ነው፤ መልሱንም ከእሱ አፍ ነው የምቀበለው።»

አለቀ አልኩ። እሳቸው ግን ዱላቸውን ተደግፈው እየተነሡ ነበር።

«ነገር ግን እኛን ሳይመልስ ሌላ ሽማግሌ ሊያስቀምጥ አይችልም። ስንት ሰዓት ነው ያልሽው?»

ጋሽ ገበየሁ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ለሃና ሰጧት። የቀረውን ወንዝ ሰዉን ይዛ እንድትጨርስ አዘዟትና ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም ብለው ከአያ አወቀ ጎን ቆሙ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ፣ ዳገቱን ጀመሩት። ይኸነው ከሩቅ ተከተላቸው። እኔ አቋራጩን ሮጥኩ።

—

በጓሮ በር ስገባ እናቴ በረንዳው ላይ ወንበር ትደረድራለች። እግሬን አየች፣ ቀሚሴን አየች፣ ያልተሠራውን ፀጉሬን አየች። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ሽማግሌ መጥቶ ነበር ወይ አልኳት። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልል ጀመር። መልሱ ይኸው ነበር። ልቆጣት ፈለግሁ፤ ዐይኖቿን ሳይ ግን እሷም ሰባት ሳምንት እንዳልተኛች ገባኝ።

የግቢው በር ተንኳኳ። አባቴ የጫግኒ ሰዎች መስለዋቸው ኮታቸውን እያስተካከሉ ወጡ። በሩ ላይ አያ አወቀና ጋሽ ገበየሁ ቆመዋል።

አያ አወቀ በአገውኛ ሰላምታ ሰጧቸው፤ አባቴ በአማርኛ መለሱ። አባቴ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው። ከጥሊሊ ወዲያ ካለ ገጠር ተወልደው በአሥራ አምስት ዓመታቸው ለተሸካሚነት ነው ከተማ የገቡት። መደብራቸው ውስጥ ገበሬ በአገውኛ ሲጠይቃቸው በአማርኛ ይመልሱለታል። እኔ ልጃቸው ሃያ አምስት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ከአፋቸው አንዲት የአገውኛ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ግቡ፣ ተቀመጡ አሏቸው። አያ አወቀ መልሳቸውን ሳይቀበሉ እንደማይቀመጡ ተናገሩ። አባቴ ዛሬ እንግዳ እንዳለባቸው፣ ሌላ ቀን ቢሆን እንደሚሻል ሲናገሩ፣ አያ አወቀ ድምፃቸውን ሳያነሡ ቀድመን የመጣን እኛ ነን አሉ። ጋሽ ገበየሁ አባቴን ዐይን ዐይናቸውን ያያሉ። በዚህ መሃል የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። የጫግኒዎቹ ፒካፕ በሩ ላይ ደርሷል። ከፒካፑ አልፎ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ይኸነው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

አባቴ መኪናውን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ። ላባቸው በግንባራቸው ወረደ።

«ኪዳኑ» አለች እናቴ። በሰው ፊት በስማቸው ስትጠራቸው የመጀመሪያዬ ነው። «ልጅህን ጠይቃት።»

«ምኗን ልጠይቃት?» አሉ አባቴ ወደ እኔ ዞረው። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ቁጣ አልነበረም። «እኔ ከዚያ ጭቃ ለመውጣት ትከሻዬ አልቋል። ተመልሳ እንድትገባበት ነው የምጠይቃት?»

የሚያዩት እግሬን ነው፤ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ነኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። አባቴ ይኸነውን አልናቁትም። የፈሩት የራሳቸውን ልጅነት ነው።

«አባዬ፣ ጭቃውን አልፈራውም» አልኩ። «እኔ የፈራሁት ሳልጠየቅ መሄድን ነው። እምቢ የሚሉም ከሆነ፣ ጠይቀውኝ እምቢ ይበሉ።»

ፒካፑ ሁለተኛ ጡሩንባ ነፋ። አባቴ ኮታቸውን አወለቁና ወንበር ላይ ጣሉት፤ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ማንም አላወቀም።

«ይኼን ልጅ ትፈልጊዋለሽ?»

«እፈልገዋለሁ።»

እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ አፈኛዋ ማናለብሽ። ድምፄ ግን ከእኔ ሌላ ሰው የሰማው አይመስለኝም ነበር። አባቴ ሰምተዋል። ወደ አያ አወቀ ዞሩና አፋቸውን ከፈቱ።

በአገውኛ ነው የተናገሩት።

መጀመሪያ ቃሉ ጥርሳቸው ላይ እየተሰናከለ ነበር፤ ከዚያ ፈሰሰ። አጭርም አልነበረም። ድምፁ የአባቴ አይደለም፤ የወጣት ድምፅ ነው፣ እኔ የማላውቀው ሰው ድምፅ። እናቴ የጎጃም አማራ ናት፣ አልገባትም። እኔ አልገባኝም። ጋሽ ገበየሁ ከምንጮች ስም በቀር አያውቁም። አያ አወቀ ሲሰሙ ቆዩ፤ አባቴ ሲጨርሱ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። እያለቀሱ ነው ወይስ አፍረው ነው? እሺ ነው ወይስ እምቢ ነው? የሚነግረኝ አጣሁ። አባቴን አየሁ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ወደ በሩ አየሁ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ጀርባ ቀስ ብሎ ዞረ። የአባቴን ድምፅ በሩ ድረስ ሰምቶታል፤ ቃሉም ገብቶታል።

ሰባት ሳምንት ሙሉ ዐይኔን የሸሸ ሰው አየኝ። በፒካፑ አናት ላይ፣ በጫግኒ እንግዶች መሃል አሻግሮ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል፣ እንባ ያረጠበውን ጉንጩን ሳይጠርግ፣ እየሳቀ አየኝ። እኔም እናቴ ከጎኔ እያለች፣ አባቴ ከፊቴ እያሉ፣ ዐይኔን አልሰበርኩም።